የወረፋው ሂሳብ፦ ወደ ዲዝኒ ወርልድ የሚጓዝ ቤተሰብ ቀኑን እንዴት ያትርፍ?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይታሰብ። አባት በፈረቃ ይሠራል፤ እናት ከዓመት ፈቃዷ የቀራት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሴቷ ልጅ አሥር ዓመት ሞልቷታል፤ ታናሽ ወንድሟ ገና አምስቱ ነው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡት አያትም አብረው አሉ። ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ገንዘብ ሲጠራቀም ቆይቷል። ቤተሰቡ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ይደርሳል፤ በማግስቱ እንቅልፉን ጠግቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ከቀትር በኋላ መናፈሻው ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው መጫወቻ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ግን «90 ደቂቃ» ይላል። ትንሹ ማልቀስ ይጀምራል፤ አያት በዓይናቸው የሚቀመጡበትን ጥላ ይፈልጋሉ፤ አባትና እናት ይተያያሉ።

ብዙዎች ይህን የዕድል ጉዳይ አድርገው ያዩታል። ይሁንና ያ 90 ደቂቃ በዕድል የመጣ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሂሳብ ዘርፍ አስቀድሞ ሊተነብየው የሚችል ውጤት ነው። ሂሳቡን የተረዳ ቤተሰብ በዚያው ገንዘብና በዚያው ቀን የተሻለ ዕረፍት ሊያገኝ ይችላል።

ከተማ የሚያህል መናፈሻ

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ ጥቅምት 1 ቀን 1971 ሲከፈት ማጂክ ኪንግደም የተባለው መናፈሻ ብቻ ነበረው። በ1982 ኤፕኮት፣ በ1989 የዛሬው ሆሊውድ ስቱዲዮስ፣ በ1998 ደግሞ አኒማል ኪንግደም ተጨመሩ። የይዞታው ስፋት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከኒው ዮርኩ የማንሃተን ደሴት ይበልጣል። ስለዚህ «ዲዝኒ ወርልድን በሁለት ቀን አይተን እንመለሳለን» የሚል ዕቅድ ገና ከመነሻው ከቦታው ስፋት ጋር ይጋጫል።

የመግቢያ ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ትኬት ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ በበዓል ሰሞን 200 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በነጻ ሲገቡ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ የአዋቂ ዋጋ ይከፍላል። ከላይ የተጠቀሰው ቤተሰብ እንግዲህ የአራት አዋቂና የአንድ ልጅ ትኬት ሊገዛ ነው። ለአንድ ቀን ይህን ያህል ሲከፈል በሰልፍ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ዋጋ አለው።

ከስልክ መስመር የተወለደ ሳይንስ

የወረፋ ሳይንስ የተወለደው በመዝናኛ ስፍራ አይደለም። የኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ በ1909 ባሳተመው ጥናት የስልክ ጥሪዎች የሚመጡበትን ሥርዓት በሂሳብ አሳየ። በወቅቱ ኩባንያዎችን ያስጨንቅ የነበረው ጥያቄ «ደንበኛ ብዙ እንዳይጠብቅ ስንት መስመር ያስፈልጋል?» የሚል ነበር። በ1961 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሊትል ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ በማስረጃ አረጋገጠ። ሕጉ ቀላል ነው፦ በሰልፍ ውስጥ ያለው አማካይ የሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ሰው ብዛት በአማካይ የመጠበቂያ ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው ውጤት ጋር እኩል ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሮለር ኮስተር በአንድ ጊዜ 24 ሰው ይጭናል፤ በየ60 ሴኮንዱም አንድ ባቡር ይነሣል እንበል። በሰዓት 1,440 ሰው ያስተናግዳል ማለት ነው። ከፊት 720 ሰው ከተሰለፈ ጥበቃው ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

ታዲያ ባቡሮቹ ለምን ቶሎ ቶሎ አይነሡም? መልሱ የደኅንነት ምሕንድስና ውስጥ ይገኛል። ሐዲዱ በክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር ከፊት ያለው ክፍል ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ከኋላ የሚመጣውን ባቡር አያስገባም። ሁለት ባቡሮች እንዳይጋጩ የሚያደርገው ይኸው ሥርዓት የፍጥነቱንም ጣሪያ ይወስናል። ተሳፋሪ ቦርሳውን ሲያስቀምጥ ወይም ቀበቶውን ሲያስር በየጉዞው 20 ሴኮንድ ቢባክን የመጫወቻው አቅም ከ1,440 ወደ 1,080 ይወርዳል። የጠፋውን ጊዜ በኋላ ማካካስ አይቻልም።

የመጀመሪያው ሰዓት ለምን ወርቅ ሆነ?

ያው መጫወቻ በሰዓት 1,440 ሰው ማስተናገድ እየቻለ 1,800 ሰው ቢመጣበት በየሰዓቱ 360 ሰው ይተርፋል። እነዚህ የተረፉ ሰዎች በጥበቃው ላይ በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ይጨምራሉ። ከአራት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ጎብኚ አንድ ሙሉ ሰዓት ይጠብቃል። ሰልፉ የሚቀንሰው አዲስ የሚመጣው ሰው ከመጫወቻው አቅም በታች ሲሆን ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሲመሽ ይከሰታል።

ለዚህ ነው በር ሲከፈት የደረሰ ቤተሰብ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያየውን፣ እኩለ ቀን የደረሰ ቤተሰብ እስከ ማታ ላያየው የሚችለው። በዲዝኒ ሆቴሎች ያረፉ እንግዶች ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድመው እንዲገቡ ይፈቀድላቸዋል። ሰላሳ ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፤ ሰልፉ ገና ባልተጠራቀመበት ሰዓት ግን ከቀትር በኋላ ካለው ከሁለት ሰዓት ሊበልጥ ይችላል።

በየመጫወቻው ደጃፍ የሚለጠፈውም ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በዲዝኒ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ዘዴ ሠራተኛ በሰልፉ መግቢያ ላይ ለአንድ ጎብኚ ቀይ ካርድ ይሰጣል፤ ጎብኚው መሳፈሪያው ጋ ሲደርስ ካርዱን ይመልሳል፤ የፈጀው ጊዜም ይመዘገባል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ቀደም ብሎ የተሰለፈው ሰው የጠበቀውን እንጂ አሁን የሚሰለፈው የሚጠብቀውን አይናገርም። ሰልፉ እየረዘመ ባለበት ሰዓት እውነተኛው ጥበቃ ከቁጥሩ ሊበልጥ፣ እያጠረ ሲሄድ ደግሞ ሊያንስ ይችላል።

ሁለተኛው ሰልፍና ከፋዩ

ዲዝኒ እ.ኤ.አ በ1999 ፋስትፓስ የተባለ የወረቀት ትኬት ጀመረ። ጎብኚው ትኬቱን ወስዶ ሌላ ቦታ ሲዝናና ይቆይና በተባለው ሰዓት ተመልሶ በአጭሩ ሰልፍ ይገባል። ያኔ አገልግሎቱ በነጻ ነበር። ሥርዓቱ በኋላ ወደ እጅ አምባርና ወደ ስልክ መተግበሪያ ተሸጋገረ፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተቋረጠ፤ በ2021 በክፍያ ተመለሰ። ዛሬ ላይትኒንግ ሌን በሚል ስም ይሸጣል።

እዚህ ላይ የሂሳቡ ፍርድ ጥብቅ ነው። አጭሩ ሰልፍ አዲስ ወንበር አይፈጥርም፤ ያለውን ወንበር ያከፋፍላል እንጂ። በምሳሌያችን ላይ ካሉት 1,440 ወንበሮች 70 በመቶው ለከፋዮች ቢሰጥ ለመደበኛው ሰልፍ የሚቀረው በሰዓት 432 ነው። 720 ሰው የተሰለፈበት መደበኛ ወረፋ ከ30 ደቂቃ ወደ 100 ደቂቃ ያድጋል። አንዱ የተረፈውን ጊዜ ሌላው ቆሞ ይከፍለዋል።

ስለዚህ ለአምስት ሰው የፈጣን መስመር ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቤተሰቡ ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ በሚሄድበት ቀን መናፈሻው በእርግጥ ይጨናነቃል ወይ? ሁለተኛ፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት መድረስ ይችላል ወይ? ቀኑ ጭር ያለ ከሆነና በማለዳ መነሣት ከተቻለ ክፍያው ብዙ አይጠቅምም። በበዓል ሰሞን፣ አረጋዊና ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ግን ብዙ ሰዓት መቆምን ሊያስቀር ይችላል።

መጠበቅ በሰዓት ብቻ አይለካም

የአገልግሎት አስተዳደር ተመራማሪው ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ በ1985 ስለ ሰልፍ ሥነ ልቦና በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ያነሣቸው ነጥቦች ዛሬም ይጠቀሳሉ። ሥራ ፈቶ መጠበቅ አንድ ነገር እየሠሩ ከመጠበቅ ይልቅ ይረዝማል። መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃ ከታወቀው ይረዝማል። ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ከተነገረው፣ ፍትሕ የጎደለው ጥበቃም ፍትሐዊ ከሆነው የረዘመ መስሎ ይታያል። የመናፈሻ መሐንዲሶች ሰልፉን ጠመዝማዛ የሚያደርጉት፣ ግድግዳውን በሥዕል የሚሞሉት፣ የሚነካካ ጨዋታ የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው። ጠመዝማዛው ሰልፍ ቀድሞ የመጣ ሁሉ ቀድሞ እንዲስተናገድም ያደርጋል።

አያት ላሉበት ቤተሰብ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከቤት ይወጣል። በአሜሪካ ያደጉ ልጆች ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው «እንቆቅልሽ?» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» ማለትን የሚማሩበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። አርባ ደቂቃ በእንቆቅልሽና በተረት ሲያልፍ ሰዓቱ ባይለወጥም ልጁ የሚያስታውሰው ይለወጣል።

ከ3 ሚሊዮን በላይ መንገዶች

አሥር መጫወቻዎችን በቅደም ተከተል ለመጎብኘት 3,628,800 የተለያዩ አማራጮች አሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያዎች ይህን መሰሉን ጥያቄ «የተጓዥ ነጋዴ ችግር» ብለው ይጠሩታል። የመናፈሻው ደግሞ ይብስበታል፤ የእያንዳንዱ መጫወቻ ጥበቃ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣልና። ቤተሰብ ግን ፍጹም የሆነውን መልስ መፈለግ የለበትም፤ ጥቂት ሕጎች አብዛኛውን ጥቅም ያስገኛሉ።

ብዙ ፈላጊ ያለውና በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰው የሚጭነው መጫወቻ ጠዋት ይቀደም። ብዙ ሕዝብ የሚይዙ ትዕይንቶች ለቀትር ይቆዩ። በበጋ ወራት ከሁለቱ የፍሎሪዳ ዳርቻዎች የሚነሡ የባሕር ነፋሶች ሲገናኙ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይፈጥራሉ፤ መብረቅ ሲቃረብ ደጅ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ስለዚህ ጣሪያ የሌላቸው በጠዋት፣ ጣሪያ ያላቸው ከሰዓት ቢሆኑ ይመረጣል።

የልጁ ቁመት እቤት ይለካ። ስፔስ ማውንቴን ለመሳፈር 112 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ብዙ የአምስት ዓመት ልጆች እዚያ አይደርሱም። ይህን በሰልፉ ደጃፍ ላይ ማወቅ ለሕፃን ልብ ከባድ ነው። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ላላቸው ወላጆች የመቀያየር አገልግሎት አለ፤ አንዱ ሲሳፈር ሌላው ልጁን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያም ዳግመኛ ሙሉውን ሰልፍ ሳይጠብቅ ይገባል።

ከመስታወት ዕቃና ከአልኮል በስተቀር የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ጥቂት ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለሚጾም አያትም፣ ድንገት ለሚርበው ልጅም ይደርሳል፤ የምግብ ቤቱንም ሰልፍ ያስቀራል።

መቼ ይኬድ?

ከአሜሪካው የሠራተኞች ቀን በኋላ ያለው የመስከረም መጀመሪያ፣ ማለትም የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በአብዛኛው ሕዝብ የሚቀንስበት ወቅት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ይሁንና የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ጫፍ የሚደርሰውም በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ መስከረም 10 አካባቢ ነው፤ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ የሆቴል ቦታ መያዝ ይበጃል። በፈረንጆች ገናና በአዲስ ዓመት መካከል ያለው ሳምንት ደግሞ ከዓመቱ እጅግ ከሚጨናነቁት አንዱ ነው።

ሕጉ ለኦርላንዶ ብቻ የሚሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1992 በተከፈተው ዲዝኒላንድ ፓሪስም ሆነ በ2010 በተከፈተው የአቡ ዳቢው ፌራሪ ወርልድ ሂሳቡ ያው ነው። የባሕረ ሰላጤው መናፈሻ ብዙ መጫወቻዎቹን በግዙፍ ጣሪያ ሥር ስላደረገ ሙቀቱ ቀላል ነው፤ የወንበሩ ቁጥር ግን እዚያም የተወሰነ ነው።

ክፍተት የሌለው ዕቅድ

የወረፋ ሳይንስ ለቤተሰብ የሚሰጠው ትልቁ ምክር ስለ መጫወቻዎች አይደለም። እጅግ ቀላል በሆነው የሂሳብ ሞዴል መሠረት አንድ አገልጋይ ከአቅሙ 80 በመቶ ሲሠራ በአማካይ 4 ሰው ከፊቱ ይገኛል። 90 በመቶ ሲደርስ 9 ይሆናሉ። 95 በመቶ ላይ 19 ይደርሳሉ። የመጨረሻዋ አምስት በመቶ ሰልፉን ከእጥፍ በላይ አሳደገችው። አንድ ሥርዓት ያለ ክፍተት በሞላ ቁጥር ትንሽ መዘግየት ሁሉንም ያናውጠዋል።

የቤተሰብ ቀንም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በየደቂቃው የተሞላ ዕቅድ አንድ ሕፃን መጸዳጃ ቤት ባለ ጊዜ ይፈርሳል። ያኔ እናት ትቆጣለች፤ አባት ሰዓቱን ያያል፤ ለዕረፍት የተወጣው ጉዞ ሌላ ፈረቃ ይሆናል። አሥር መጫወቻ ያቀደ ስድስቱን ይምረጥ፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ሁለት ሰዓት ይተኛ፤ ማታ ሰልፉ ሲያጥር ይመለስ። እንደዚያ ያደረገ ቤተሰብ አራት መጫወቻ ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። አያት ግን በጥላው ሥር ዐርፈው፣ ትንሹ እንቅልፉን ጠግቦ፣ ሁሉም የምሽቱን ርችት አብረው ያያሉ።