አንሶላ ላይ የተጀመረው የፊልም ምሽት

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1977 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች የአንድ ማዕከል ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረው በየቤታቸው የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች አሳዩ። መግቢያው በነፃ ነበር። ፊልሞቹን የሠሩት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ናቸው፤ ያሳዩትም የራሳቸውን ኑሮ ነው። ቤቱ ሞልቶ ሰው ስለተረፈ ፊልሞቹ እንደገና መታየት ነበረባቸው። ዛሬ ፍሬምላይን በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከዓለም የኤልጂቢቲ ፊልም ፌስቲቫሎች በዕድሜ አንጋፋው የተወለደው እንዲህ ነው።

ፊልሞቹ ለምን አጭር ሆኑ ቢባል፣ መልሱ በመጀመሪያ በተቀረጹበት ካሜራ ላይ ይገኛል። ኮዳክ በ1965 ለገበያ ያቀረበው ሱፐር ኤይት ካሜራ የሚጎርሰው 15 ሜትር ገደማ ፊልም የተጠቀለለበት የፕላስቲክ ካርትሪጅ ነበር። በሰከንድ 18 ምስል እየተነሣበት 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ያልቃል። ቤተሰብ ልደትና ሽርሽር እንዲቀርጽበት ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ስቱዲዮ አይጠይቅም፤ ድርሰቱን አንብቦ «ይሄ አይሆንም» የሚል ባለገንዘብም ደጅ አያስጠናም። ኔጋቲቭ ደግሞ የለውም፤ ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ ታጥቦ ይታያል። ስለዚህ አንሶላው ላይ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በዓለም ላይ ያለው ብቸኛ ቅጂ ነው። ማሳያው ከበላው፣ ተበላ።

ከመሥራቾቹ አንዱ ዳንኤል ኒኮሌታ፣ ካስትሮ ካሜራ በተባለ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሃርቪ ሚልክ በዚያው በ1977 መጨረሻ ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ፤ በዓመቱ በጥይት ተገደለ። ፊልም ለማጠብ መስጠት ምስጢርን ለማያውቁት ሰው እንደማስረከብ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ባለሱቁ ወገን መሆኑ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ፈረንሳዊው ደራሲ ዣን ዠኔ በ1950 የሠራው፣ በግድግዳ የተለያዩ ሁለት እስረኞችን መፈላለግ የሚያሳይ የ26 ደቂቃ ድምፅ አልባ ፊልም አለ። ፊልሙ በ1960ዎቹ በርክሌይ ውስጥ ሲታይ፣ ፖሊስ ማሳየቱ ካልቆመ ፊልሙን እወርሳለሁ፣ ሰዎቹንም አስራለሁ አለ። አሳዪው ከሰሰ፤ ተረታም። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፊልሙ አስነዋሪ ነው የሚለው ፍርድ በ1967 በ5 ለ 4 ድምፅ ጸና። ከአሥር ዓመት በኋላ አንሶላው የተወጠረው ከዚያው ከበርክሌይ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ባለው ከተማ ነው።

ፌስቲቫሉ አድጎ፣ በ1922 የተከፈተውንና 1,400 ሰው ገደማ ይይዝ የነበረውን ካስትሮ ቲያትር ለዓመታት ሲሞላ ኖሯል። የአጫጭር ፊልሞች ምሽት ግን አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ስድስት ሰባት ፊልም ይደረደራል፤ መጨረሻ ላይ መብራት በርቶ የመጡት የፊልሞቹ አዘጋጆች ይጠየቃሉ። በእኔ ዓይን የምሽቱ ዋና ደራሲ ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ሰው ነው። ሁለት ሐዘን ካስከተለ ሁለተኛውን ይገድለዋል፤ ከቀብር ቀጥሎ ሳቅ ካመጣ ሁለቱም ይተርፋሉ። ሁሉም ፊልም ግሩም ነው ማለቴ አይደለም። ልጅ ማዕድ ላይ ማንነቱን ለወላጆቹ የሚነግርበት ትዕይንት በዚህ ዘርፍ እስኪያሰለች ተደጋግሟል። ደግነቱ አጭር ነው፣ ያልፋል። የተዋጣለት ሲገኝ ግን አሥር ደቂቃም ይበቃል፦ ማርሎን ሪግስ በ1990 የሠራው «አፈርሜሽንስ»፣ ጥቁር ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች በሃርለም የጥቁሮች ሰልፍ ላይ ከወገናቸው ጋር ሲራመዱ ያሳያል። ባይተዋር የሆኑት በውጭ ሰዎች ዘንድ ብቻ እንዳልነበረ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ዲጂታል ካሜራ የ3 ደቂቃውን ገደብ ካነሣ ቆየ። አጭር ፊልሙ ግን አልጠፋም፤ ገንዘብና ፈቃድ በሌለበት የሚቻለው እሱ ነውና። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ኔስት የተባለ የጥበብ ባለሙያዎች ስብስብ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን እውነተኛ ታሪክ በድምፅ መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያም ጂም ቹቹ አዘጋጅቶት በጥቁርና ነጭ አምስት አጫጭር ፊልም ሆነ፤ አንድ ላይ ተሰፍተው «ስቶሪስ ኦፍ አወር ላይቭስ» ተባሉ። በ2014 ቶሮንቶ ላይ ሲታይ ሠሪዎቹ መጀመሪያ ስማቸውን አላወጡም ነበር፤ ኋላ ሦስቱ ራሳቸውን ገለጹ። በዚያው ዓመት የኬንያ የፊልም ቦርድ ከአገሪቱ እሴት ጋር ይጋጫል ብሎ አገደው፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ጋቻራም ያለ ፈቃድ ቀርጸሃል ተብሎ ታሰረ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ በርሊን ላይ ተሸለመ። በአገሩ ግን ስለታገደ፣ ታሪካቸውን የሰጡት ሰዎች በአዳራሽ ተሰብስበው ሊያዩት አልቻሉም።