ከዋናው ትምህርት ጎን

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ከዋናው የትምህርት ዘርፉ ጎን ለጎን ጥቂት ኮርሶችን በሌላ መስክ ወስዶ «ማይነር» መያዝ ይችላል። ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1970 እ.ኤ.አ. የሴቶች ጥናት ፕሮግራም ከከፈተ ወዲህ፣ ሥርዓተ ፆታ በብዙዎቹ በዚህ መልክ ይሰጣል። «ምን ሥራ ያስገኛል?» የሚል ጥያቄ ግን አይለየውም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትምህርቱ ለብቻው ሲቆም መልሱ ይከብዳል። ከሕግ ወይም ከግብርና ጋር ሲጣመር ግን ጥቅሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የአገራችንን የመሬት ደብተር እንውሰድ። በአማራ ክልል በይዞታ ማረጋገጫው ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዲሰፍር ተደርጓል። ለመዝጋቢው አንድ ተጨማሪ ፎቶ ነው፣ ሌላ ምንም። ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ግን ሚስቲቱ መብቷን የምታስረዳው በዚያው ደብተር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። አንቀጾቹን ሸምድዶ ፈተና የሚያልፍ የሕግ ተማሪ ሞልቷል። አንቀጹ ገጠር ሲደርስ ማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ ግን ሌላ ልምምድ ይፈልጋል።

የሥርዓተ ፆታን ትምህርት «የፈረንጅ ሐሳብ ነው» የሚሉ አሉ። ከምዕራባውያን መጻሕፍት ውጭ የማያስነብብ ኮርስ ላይ ክሱ እውነትነት አለው፤ የመሬት ክርክር ግን ከውጭ አልመጣም። ወንድን መክሰሻ ነው የሚለው ደግሞ ብዙም አያስኬድም፤ መስኩ ወንድነትንም ያጠናል። ይልቅ ተማሪው ሊጠነቀቅ የሚገባው በኮርስ ምርጫው ነው፤ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ከሚደራርብ አንዱን በስታቲስቲክስ ወይም በመስክ ጥናት ቢተካው ይሻለዋል።