እንቅልፍ መዝጋቢው ማሽንና የባለትዳሮች አልጋ

ፖሊሶምኖግራፊ የሚባለው ምርመራ ሰው «ተኝቻለሁ» ወይም «አልተኛሁም» ማለቱን ሳይሆን አካሉ የሚናገረውን ያደምጣል። ከመኝታ በፊት በራስ ቅል፣ በዓይን ዳርና በአገጭ ላይ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ ደረትና ሆድ ላይ ትንፋሽ የሚከታተል ቀበቶ ይታሰራል፤ በጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረጋል። ማሽኑ የአንጎልን ሞገድ፣ የዓይንን እንቅስቃሴና የጡንቻን ውጥረት ሌሊቱን ሙሉ እየመዘገበ ቀላሉን እንቅልፍ ከጥልቁ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሴሪንስኪና ክላይትማን ይፋ ያደረጉትን፣ ዓይን ከቆቡ ሥር የሚሯሯጥበትንና ህልም የሚበዛበትን ደረጃም እንዲሁ።

በተሰማንና በተለካው መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለባለትዳሮች አልጋም ያስፈልጋል። ስለ ሩካቤና እንቅልፍ ሲነሳ የሚነገረው በአብዛኛው አንድ አቅጣጫ ነው፤ ሩካቤ እንቅልፍ ያመጣል የሚለው። መሠረት የለውም አልልም። ከእርካታ በኋላ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በታተመ የ778 ሰዎች መጠይቅም ብዙዎች ከአጋራቸው ጋር ከረኩ በኋላ የተሻለ እንደሚተኙ ተናግረዋል። ይህ ግን የተሰማቸው እንጂ በማሽን የተለካ አይደለም። ለእኔ ይበልጥ የሚያሳምነኝ የተገላቢጦሹ መንገድ ነው፤ መቀራረብን ደግፎ የሚያቆመው እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የሚቺጋን ጥናት 171 ወጣት ሴቶችን ለ14 ቀናት ተከታትሎ፣ በሌሊቱ እንቅልፍ ላይ 1 ሰዓት ሲጨመር በማግስቱ ከአጋር ጋር ሩካቤ የመፈጸም ዕድል በ14 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። በቺካጎም እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሙከራ፣ 10 ጤናማ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። «ሁለቱንም የሚያበላሸው ጭንቀት ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁንና የሚቺጋኑ ጥናት እያንዳንዷን ሴት ያነጻጸረው ከራሷ ሌላ ቀን ጋር ነው፤ በቺካጎው ደግሞ እንቅልፉን የቀነሱት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

«እንቅልፍ ይህን ያህል ከከበረ ታዲያ ተለያይቶ መተኛት አይሻልም?» ማለትም ይቻላል። በጀርመን ኪል ከተማ 12 ወጣት ጥንዶች አብረውም ለየብቻም ተኝተው በፖሊሶምኖግራፊ ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚለው አብረው ሲተኙ እጅና እግራቸው ይበልጥ ተንቀሳቅሷል፤ የህልሙ እንቅልፍ ግን ረዘመ፣ መቆራረጡም ቀነሰ፤ የሁለቱ የእንቅልፍ ደረጃዎችም ይበልጥ ገጠሙ። ሆኖም እነዚህ ጥቂትና ጤነኛ ወጣቶች ናቸው፤ አራስ ልጅ ያለበትን ወይም አንዱ በኃይል የሚያንኮራፋበትን ቤት አይወክሉም። እንዲህ ባለ ቤት ለጊዜው ክፍል መለየት ፍቅር ማጣት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ለትዳሩ ማሰብ ነው። የትዳር አጋርዎ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቀጥ ሲል፣ ከዚያም እንደታነቀ ሰው ሲባንን ከሰሙ ግን ክፍል መለየት ብቻውን አይበቃም። ሐኪም ዘንድ አብረው ይሂዱና የሰሙትን ይንገሩ፤ የተኛው ሰው ይህን ስለ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም።