ከፍሳሽ የሚገኘውን ባዮጋዝ ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለማጽዳት

ፍሳሽ አየር በማይገባበት ጋን ውስጥ ሲብላላ ለኃይል ምንጭነት የሚውለው ሜቴን ብቻ ሳይሆን ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ይፈጠራል። መነሻው በፍሳሹ ውስጥ የሚገኘው ሰልፌት ነው። ጋዙ የሞተርና የቧንቧ ብረቶችን ይበላል፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የሠራተኞች ሕይወት ነው። በአነስተኛ መጠን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ያህል ሲሆን ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ተብሎ ያለ መለኪያ መሣሪያ ወደ ጋኑ መግባት አይገባም።

የብረት ክሎራይድን ከፍሳሹ ጋር መቀላቀል ጋዙን ከመነሻው ይቀንሰዋል፤ ኬሚካሉ ግን ዘወትር መገዛት አለበት። በኔዘርላንድ ኤርቤክ የሚገኘው የወረቀት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሌላ ዘዴ ሥራ ላይ አውሏል። በዚህ ዘዴ ባዮጋዙ በሶዳ ውሃ ይታጠባል፤ በተለየ ጋን ውስጥ ባክቴሪያዎች በጥቂት አየር እየታገዙ ሰልፋይዱን ወደ ድኝ ይለውጡታል፤ የሶዳው ውሃም ተመልሶ ለማጠቢያነት ይውላል።