የድሮ መብራት ዋጋው ከምን ይመጣል?

ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ በማሽላና በጤፍ ገበያዋ ትታወቃለች። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ ከሚለማው መስኖ ያተረፈ ሰው ገንዘቡን በመንገድ ዳር ፔንሲዮን ላይ ለማዋል ቢነሳ፣ ከማጠናቀቂያ ወጪዎቹ አንዱ የግድግዳ መብራት ነው። ታዲያ አንድ ደላላ «የድሮ የፈረንሳይ ነው» ብሎ ከነብርጭቆ አባጁሩ ጥንድ መብራት ቢያቀርብለት ዋጋውን በምን ይመዝነዋል?

የፈረንሳይ መብራት ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አምፑል እና አባጁር የሚሉት ቃላት ራሳቸው ምንጫቸው ፈረንሳይኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ የባቡር መስመርም በፈረንሳይ ኩባንያ የተሠራ ነበር። በራያ ቆላ ቤቶች ግን የኖረው መብራት ሌላ ነው፤ ከቆርቆሮ የሚሠራው ኩራዝ፣ ባለ ብርጭቆው ማሾ እና በእጅ የሚንጠለጠለው ፋኖስ።

የዋጋው ልዩነት የሚጀምረው ከብርጭቆው ሥራ ነው። የማሾ ብርጭቆ መሣሪያ ነው፤ ነበልባሉን ከነፋስ ይከልላል፣ አየር ከሥር ወደ ላይ እንዲሳብ በማድረግም ላምባው ጢሱ ቀንሶ ብርሃኑ እንዲደምቅ ያደርጋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ያስተዋወቀው የጄኔቫው ተወላጅ ኤሜ አርጋን ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብርጭቆው ይህ ሥራ ቀረለት። የቀረው ተግባር የአምፑሉን ኃይለኛ ብርሃን ማለዘብና ማስዋብ ነበር። ከዚያ በኋላ ገዢ የሚከፍለው ለሠሪው እጅና ስም ሆነ።

በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ ኤሚል ጋሌ እና የዶም ወንድማማቾች የተለያየ ቀለም ያላቸውን የብርጭቆ ንብርብሮች በአሲድና በመንኮራኩር እየፈለፈሉ አበባና ቅጠል ያወጡ ነበር። ሬኔ ላሊክ ደግሞ ብርጭቆን በቅርጽ ማውጫ እየተጫነ በብዛት አመረተ። ዛሬ በፓሪስ ጨረታዎች ተፈላጊ የሆኑት የእነዚህ ሰዎች ሥራዎች ናቸው።

ተፈላጊነት ባለበት ሁሉ ቅጂ አለ። በሩማንያ የተሠሩ ብዙ የጋሌ ቅጂዎች ከፊርማው አጠገብ «ቲፕ» የሚል ቃል አላቸው፤ ትርጉሙ «ዓይነት» ማለት ነው። ቃሉ ተፍቆ የሚሸጥበት ጊዜም አለ። ላሊክ እ.ኤ.አ. በ1945 ከሞተ በኋላ በወጡ ዕቃዎች ላይ የስሙ መጀመሪያ ፊደል «አር» አይገኝም፤ ስለዚህ «ላሊክ ፍራንስ» ብቻ የሚል ዕቃ በጦርነቱ በፊት ዋጋ አይገዛም። ንብርብር የተፈለፈለበት ብርጭቆ በጣት ሲዳሰስ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በላዩ ላይ የተቀባ ግን ልሙጥ ነው። ነሐስ ነው የተባለ ክንድ ማግኔት ከሳበው ውስጡ ብረት ነው።

ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚታሰብ ወጪም አለ። በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ሽቦ ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ፣ ሽቦውና የአምፑል መያዣው ለ220 ቮልት በሚሆን አዲስ መለወጥ አለባቸው። ከጥንዱ አንዱ አባጁር ቢሰበር ደግሞ ቀሪው መብራት በግማሽ ዋጋ እንኳ አይሸጥም። ገበያው የሚፈልገው ጥንድ ነውና።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ አዲስ መብራት በብር ሲወደድ አሮጌውን «ገንዘብ ማስቀመጫ» አድርጎ ማቅረብ ለደላላ ይቀለዋል። ነገር ግን ማሽላ ገበያ በዋለ ቁጥር ዋጋው ይታወቃል። የድሮ መብራት ግን ወቅቱን የጠበቀ ገበያ የለውም። ዋና ገዢው ያለው ባሕር ማዶ ሲሆን፣ ዕቃው በቅርስነት የሚፈረጅ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ መቅረዝ ወይም ቀንዲል «የድሮ መብራት» ተብሎ ቢቀርብ ነጋዴው እጁን መሰብሰብ ይኖርበታል።

አንድ ነገር ደግሞ አይረሳም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸው ነበር። ያን ጊዜ ዋጋ ያለው የሚበራው እንጂ የሚያምረው መብራት አልነበረም። ስለዚህ ለፔንሲዮኑ ውበት የሚገዛ ሰው በጌጥ ዋጋ ይግዛ፤ ነገ አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛ ግን ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የነገውን ገዢ ይቁጠር።