ብዙ ቤተሰብ ይዞ ከተማ መቀየር፦ በማን ዓይን እንምረጥ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ ወንድም ነው። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ሸኻችን፣ የግሼ ሰው ነኝ። ስምንት ልጆች፣ ባለቤቴና አሮጊት እናቴ አሉኝ፤ ከኔ ጋር አሥራ አንድ ነፍስ ነን። መሬቱ አልበቃ ብሎናል። ሸዋ ሮቢት ልውረድ፣ ደብረ ብርሃን ልግባ፣ ወይስ ከሚሴ ልሻገር? ገበያው የት ይሻላል?» አለኝ። እኔም፣ «ባለቤትህ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሷማ ገና አልሰማችም» አለኝ።

ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ አይደለም። ከመንዝ፣ ከግሼም ሆነ ከመርሐቤቴ ደጋ ልጆቹን ይዞ ለመውጣት የሚያስብ አባት ሁሉ ጥያቄ ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ የምንሳሳተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ከተማውን በነጋዴ ዓይን ብቻ እናያለን። ጓዛችንን ጠቅልለን ከገባን በኋላ ግን በከተማው ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምትውለው እናት ናት፤ ልጆች ናቸው፤ አያት ናት።

የነቢዩላህ ኢብራሂም ዱዓ ቅደም ተከተል

ስለ ቤተሰብና ስለ ከተማ ስናነሣ ከነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) የተሻለ አስተማሪ አናገኝም። ሐጀርንና ሕፃኑን ኢስማዒልን አዝመራ በሌለበት ሸለቆ ሲያኖሩ ያደረጉትን ዱዓ ቁርአን ይነግረናል። ቦታው ሰላም እንዲሆን ለመኑ። ዝርያቸው ሰላትን እንዲያቆም ለመኑ። የሰዎች ልብ ወደነርሱ እንዲያዘነብል ለመኑ። ከፍሬዎችም ሪዝቅ እንዲሰጣቸው ለመኑ። ልብ በሉ፤ እኛ በመጀመሪያ የምንጠይቀው የእንጀራ ነገር በዱዓው ውስጥ ከሰላም፣ ከሰላትና ከሰዎች ልብ በኋላ ነው የመጣው።

ሌላም ትምህርት አለ። ሐጀር ውሃ ፍለጋ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላልሳለች። ያ ስፍራ ከተማ የሆነው ዘምዘም ከፈለቀ በኋላ ነው፤ የጁርሁም ጎሣ ውሃውን አይቶ ሰፈረ። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ቤተሰባቸውን እዚያ ያኖሩት በአላህ ትእዛዝ ነበር። እኛ ግን ወሕይ አይወርድልንም። እኛ ያለን መጠየቅ፣ ሄዶ ማየት፣ መመካከርና ኢስቲኻራ መስገድ ነው። ስለዚህ ከተማን ስንመርጥ ሕፃን ታቅፋ ውሃ በምትፈልገው እናት ዓይን እንመልከት።

አንደኛ፦ ሰላምና መንገድ

በአካባቢያችን ሰላም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረንም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ብዙ ቤተሰብ የለበሰውን ብቻ ይዞ ወጥቷል። ከዚያው ዓመት ወዲህ ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎች ቦታዎች የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን ተቀብላለች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በኋላ በክልላችን በተነሣው ግጭትም መንገድ ተዘግቶ ሕመምተኛ ያላለፈበት ቀን ነበር። ስለዚህ «ከተማው ሰላም ነው?» ብቻ አይበቃም፤ «መንገዱ ሲዘጋ ቤተሰቤ በምን ይኖራል?» ብላችሁም ጠይቁ።

መንገድንም በካርታ አትለኩት። መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ በካርታ ጎረቤት ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን ጥልቅ የወንዝ ሸለቆ አለ። የመንዝ ሰው ከመሐል ሜዳ ወጥቶ ዋናውን የደሴ መንገድ የሚያገኘው ጣርማ በር ላይ ነው። የመርሐቤቴ ሰው ደግሞ የጀማን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በለሚና በሙከ ጡሪ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። እናት አባት ከኋላ የሚቀሩ ከሆነ፣ ለለቅሶና ለዒድ ተመልሳችሁ የምትደርሱበትን መንገድ አስቡ።

ሁለተኛ፦ ጤና፣ ውሃና አየር

እዚህ ላይ የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሰባት ልጆቹን ይዞ ከደጋ ወደ አንድ የቆላ ከተማ ወረደ። ገበያው ደግ ነበር። የወረድነው ነሐሴ ላይ ነው። ጥቅምት ሳይገባ አራታችን በወባ ወደቅን፤ ታናሽ እኅቴን ኅዳር ላይ ቀበርናት። አባቴ የአህያውን ዋጋ፣ የእህሉን ዋጋ፣ የቤቱን ኪራይ ሁሉ ጠይቆ ነበር። ስለ ወባ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እስከ ዕለተ ሞቱ «ቀደሩ ነው፤ ግን አልጠየቅሁም» ይል ነበር።

የሞት ቀነ ቀጠሮ በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ከሰሃቦች ጋር ተመካክረው ሕዝባቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ይህ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሄድ እንደሆነም አስረድተዋል። ጠንቃቃ መሆን ተወኩልን አያፈርስም።

እንደሚታወቀው በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2000 ሜትር ከፍታ በታች ባለው ቆላና ወይና ደጋ ነው። ሸዋ ሮቢት ከዚህ በእጅጉ ዝቅ ትላለች። የበሽታው ኃይል የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ከብርድ አገር የወረደ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ይህን የምለው ቆላ አትውረዱ ለማለት አይደለም። የምትወርዱ ከሆነ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ውረዱ፤ አጎበር ለሁሉም አልጋ ይኑር፤ ትኩሳት በታየ በዚያው ቀን ልጁን ለምርመራ ውሰዱ።

ደጋውም የራሱ ፈተና አለው። ደብረ ብርሃን ከ2700 ሜትር በላይ ነች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭዋ ለአሮጊት እናትና ለአራስ ቀላል አይደለም። ሳሳ ያለ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ በብርድ ከማለቅ፣ ጠበብ ያለ ግን በደንብ የተመረገ ቤት ይሻላል።

ሆስፒታልን በተመለከተ መሐል ሜዳ ሆስፒታል አላት፤ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አላት፤ ከፍ ላለው ሕክምና ደብረ ብርሃን አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆናችሁ፣ አባልነታችሁ በምትሄዱበት ቦታ እንዴት እንደሚቀጥል ሳትጠይቁ አትነሡ። ዕድሜያቸው 18 የሞላ ልጆችና አብራ የምትኖር አያት ተጨማሪ መዋጮ እንደሚጠየቅባቸውም ዕወቁ።

ውሃን በተመለከተ ደግሞ «ቧንቧ አለ?» አትበሉ። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በበጋስ? ሲጠፋ ማን፣ ከየት ይቀዳል?» በሉ። ለአሥራ አንድ ሰው ምግብ፣ ልብስና ውዱእ ስንት ጀሪካን እንደሚፈልግ እናት ታውቃለች።

ሦስተኛ፦ መስጂድ፣ መድረሳና ትምህርት ቤት

በደጋው ከተሞቻችን ሙስሊሙ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት መስጂዱ የት እንደሆነ፣ ሴት ልጅ ሳትፈራ በእግሯ ሄዳ የምትቀራበት መድረሳ መኖር አለመኖሩን፣ ሐላል ሥጋ ከየት እንደሚገዛ፣ የሙስሊም መቃብር የት እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ የሚከብድ ይመስላል፤ በሐዘን ቀን ከመባዘን ግን በደኅና ቀን መጠየቅ ይሻላል።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ከሚሴ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ከተማ ናት፤ መስጂድ አይቸግርም። ነገር ግን በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። ለትንሹ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ ጸጋ ነው። በአማርኛ ተምራ ስምንተኛ ክፍል ለደረሰችው ልጅ ግን ብርቱ ጭንቅ ሊሆን ይችላል። የእርሷን ክፍል የሚያስተምር በአማርኛ ያለ ትምህርት ቤት መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። መነሻችሁንም በሰኔ መጨረሻና በመስከረም መካከል ብታደርጉት ልጆች ዓመቱን አያጡም፤ መሸጋገሪያ ወረቀታቸውንም ከትምህርት ቤቱ ሳትይዙ አትውጡ። ደብረ ብርሃን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ነገር ግን ተማሪ በምደባ ስለሚሄድ «ልጄ ከቤቷ ትማራለች» ብሎ መወሰን አይቻልም።

አራተኛ፦ የጎረቤት ልብ

ኢብራሂም (ዐ.ሰ) የሰዎችን ልብ መለመናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስምንት ልጆች ያሉት ሰው ቤት ሲጠይቅ አከራዩ በመጀመሪያ የሚለው «ልጆች ስንት ናቸው?» ነው። ቁጥሩን አትደብቁ፤ በውሸት የተገባበት ቤት በረካ የለውም፤ በወሩም ያስወጣል። ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በየትኞቹ የክልል ከተሞች እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ከከተማው አስተዳደር ጠይቃችሁ ተረዱ።

በመንዝና በግሼ ክርስቲያን ጎረቤት ለሙስሊም እንግዳው በግ ለብቻ አሳርዶ ሲያስተናግድ አይተን ነው ያደግነው። ይህን ዓይነት ጉርብትና ገንዘብ አይገዛውም። በምትሄዱበት ከተማም ዕድር ግቡ፤ ለቅሶ ድረሱ፤ ቡና ጥሩ። ብዙ ልጅ ያለው ቤት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው «እኔ እጠብቃቸዋለሁ፣ አንቺ ሐኪም ቤት ሂጂ» የምትል ጎረቤት ናት።

አምስተኛ፦ ሪዝቅ

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ በሽንኩርትና በማሾ የታወቁ ናቸው፤ ለነጋዴ ይመቻሉ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል፤ ለአቅመ ሥራ ለደረሱ ልጆች ዕድል አለ። ሆኖም ከፋብሪካዎቹ መካከል የቢራ ፋብሪካዎችም አሉና ልጆቻችሁ የሚገቡበትን ሥራ ሐላልነት መርምሩ። መሐል ሜዳ ለበግና ለገብስ ነጋዴ ቅርብ ናት፤ ለመሬቱም አትርቅም።

ገቢውን ስትቆጥሩ ወጪውንም ቁጠሩ። በገጠር ማገዶ፣ ጎመንና እንቁላል ከጓሮ ነው፤ በከተማ ሁሉም በብር ነው። ለስድስት ወር የሚበቃ ቀለብና ኪራይ ሳይዝ አሥራ አንድ ሰው ይዞ የሚነሣ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ይሆንበታል። መሬታችሁንም ጥላችሁ አትሂዱ። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ውሉን በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ርቆ መኖር በይዞታ መብታችሁ ላይ ምን እንደሚያስከትልም እዚያው ጠይቁ። ለአዲሱ ቀበሌ መሸኛ፣ ለልጆችም የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ።

እንዴት እንሂድ?

ሲራው መንገዱን ያሳየናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ከመሰደዳቸው በፊት ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን (ረ.ዐ) አስቀድመው ልከዋል። ወደ ሀገራችን ሐበሻም በመጀመሪያ ጥቂቶች መጡ፤ የንጉሡ የነጃሺ ፍትሕ ከታየ በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። እንግዲህ አባትና ትልቁ ልጅ ይቅደሙ፤ ቤተሰቡ ይከተል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደኋላ ያስቀሩት እርሳቸው ዘንድ የተቀመጠውን አደራ ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ነበር። እኛም ዕዳችንን ከፍለን፣ የተጣላነውን ታርቀን እንውጣ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና ሲገቡ ወንድማቸው ሀብቱን ሊያካፍላቸው ቢፈቅድም፣ እርሳቸው ግን ገበያውን አሳዩኝ ነው ያሉት። ዘመድ ቤት ማረፍ መልካም ነው፤ አሥራ አንድ ሆኖ መክረም ግን ዘመድን ያሰለቻል።

በመጨረሻ የዚያ ወንድም ነገር ምን ሆነ? እርሱ ልቡ ሸዋ ሮቢት ነበር። «ሂድና ባለቤትህን ይዘህ እይ፤ የምታየውም በጥቅምት ይሁን» አልኩት። ሁለት ከተማ አይተው ተመለሱ። እርሷ የጠየቀችው እርሱ ያላሰባቸውን ሦስት ነገሮች ነበር፦ ውሃው ስንት ቀን ይመጣል? ሴቶቹ ልጆች የት ይቀራሉ? አሮጊቷ ብትታመም ሌሊት ማን ያደርሳታል? ቤተሰቡ ደብረ ብርሃን ገባ፤ እርሱ ለንግዱ ወደ ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ትርፉ ቀንሷል፤ ብርዱም አላለቀም። ባለፈው ሳገኘው ግን፣ «ሸኻችን፣ ወጥቼ ስመለስ ሁሉም ደኅና ናቸው» አለኝ።

እኔም አባቴን አስታወስኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረው።

አላህ (ሱ.ወ) ለወጡት መልካም ማረፊያ፣ ለቀሩት ሰላምና በረካ ይስጣቸው። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።