ማትያስ ዝዳርስኪ፤ በአመዳይ ተራራ ላይ መሄጃ ያበጀ ሰው

ዳዊት የደገመ ሁሉ አመዳይ የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ነገሩን በዓይኑ ያየው ግን በአገራችን ጥቂት ነው። በክረምት ጣራውን እያንኳኳ የሚወርደው በረዶ ሌላ ነው፤ አመዳይ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ እየወረደ ሜዳውንና ገደሉን አንድ አድርጎ ይሸፍነዋል። በኤውሮፓ ከፍተኛ ተራሮች የሚኖረው ሕዝብ ከዓመቱ ብዙውን ወር በዚህ ነጭ ልብስ መካከል ያሳልፋል። ሰው በእግሩ ሊሄድበት ቢሞክር እስከ ጕልበቱ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ወገቡ ይሰጥማል። ስለዚህ የሰሜን ሰዎች ከጥንት ዘመን ጀምሮ ረጅምና ጠባብ ሳንቃ ከእግራቸው በታች እያሰሩ በላዩ መንሸራተትን ተምረዋል፤ ይህም ሳንቃ ስኪ ይባላል። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን የመረጥነው፥ ይህን ሳንቃ ለገደላም ተራራ እንዲስማማ አድርጎ ያሻሻለውን የማትያስ ዝዳርስኪን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ዝዳርስኪ በ1856 ዓ.ም. በሞራቪያ፥ በትሬቢች ከተማ አጠገብ ተወለደ። ያ አገር በዚያን ጊዜ በኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበር፤ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል ነው። ገና ልጅ ሳለ የግራ ዓይኑ ጠፋ። እንዲህ ያለ ጕዳት የደረሰበትን ልጅ ብዙ ወላጅ ከእሳት ዳር አስቀምጦ ሊያሳድገው ይወዳል። እርሱ ግን ተምሮ አስተማሪ ሆነ፤ የሥዕልንና የሐውልትን ጥበብም አጠና። በ1889 ዓ.ም. ከቪየና ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሊሊየንፌልድ አጠገብ ሀበርንራይት የሚባል የተራራ እርሻ ገዝቶ በዚያ ተቀመጠ።

ከአንድ ዓመት በፊት፥ በ1888 ዓ.ም.፥ ፍሪትዮፍ ናንሰን የተባለው የኖርዌጅ ሰው ከጓደኞቹ ጋራ ግሮንላንድን በስኪ አቋርጦ ነበርና ስለዚህ ጕዞ የጻፈው መጽሐፍ በኤውሮፓ ሁሉ ተነበበ። ዝዳርስኪም መጽሐፉን አንብቦ ከኖርዌጅ ስኪ አስመጣ። ነገር ግን የመጣለት ሳንቃ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ነበረው። እግርን ከሳንቃው ጋራ የሚያያይዘውም ማሰሪያ የላላ ስለ ነበረ እግሩ ወዲያና ወዲህ ይጠመዘዝ ነበር። ኖርዌጅ ረጋ ባለው ኰረብታ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ በሀበርንራይት ቁልቍለት ላይ ግን ሰውየው ሳንቃውን ማዞር ተስኖት ወደ ዛፍ ወይም ወደ ገደል ይሄዳል።

ዝዳርስኪ አስተማሪም ረዳትም ሳይኖረው ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት ብቻውን ብዙ ክረምት እየወደቀና እየተነሣ ሞከረ። ሳንቃውን አሳጠረው፤ ማሰሪያውንም ከብረት ሠራው። የዚህም አሠራር እንደሚከተለው ነው። የጫማው ሶል በብረት ገበታ ላይ ይታሰራል፤ ገበታውም በፊት በኩል በማጠፊያ ከሳንቃው ጋራ ይያያዛል፤ ሞላም አለበት። በር በማጠፊያው ላይ ሲከፈትና ሲዘጋ ከመቃኑ እንደማይወጣ ሁሉ፥ ተረከዝም ዳገት ሲወጡ ወደ ላይ ይነሣል እንጂ ወደ ጎን አይሸሽም። እንግዲህ ሰውየው በዚያው መሣሪያ ወደ ተራራው ራስ ይወጣል፤ በዚያው መሣሪያም ሳንቃውን እንደ ወደደ እያዞረ ይወርዳል። በ1896 ዓ.ም. ይህን ማሰሪያና የአነዳዱን ዘዴ በመጽሐፍ አሳተመ። ስለ ገደላም ተራራ የስኪ አነዳድ በሥርዓት ከተጻፉት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል።

ነገሩ ግን ያለ ሙግት አልጸናም። ስኪ የአባቶቻችን ነው የሚሉ የኖርዌጅ ሰዎችና ወዳጆቻቸው የሊሊየንፌልድን ዘዴ ነቀፉት። በመጨረሻም በ1905 ዓ.ም. ሐሳ ሆርን የሚባል የኖርዌጅ መሐንዲስ ወደ ሊሊየንፌልድ መጥቶ አየና ስለ ዝዳርስኪ ችሎታ በጎ ምስክርነት ሰጠ። በዚያው ዓመት መጋቢት 19 ቀን ዝዳርስኪ ሙከንኮገል በሚባለው ተራራ ላይ ውድድር አደረገ። 85 በር የሚሆን ምልክት ተተከለ፤ 24 ሰዎችም በበሮቹ መካከል እየተጠማዘዙ ወረዱ፤ ከእነርሱም አንዲቱ ሴት ነበረች። ዛሬ በዓለም ሁሉ ስላሎም የሚባለው ውድድር ከዚያ ቀን እንደ ተጀመረ ብዙዎች ይቈጥራሉ።

ዝዳርስኪ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ያለ ዋጋ አስተማረ። ከመሣሪያዎቹም ሁሉ ይልቅ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚስማማው አንድ ከረጢት ነው። ይኸውም ነፋስ ከማያስገባ ጨርቅ የተሰፋ፥ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በተራራ ላይ ማዕበል ሲይዛቸው በራሳቸው ላይ አጥልቀው በውስጡ ተጠጋግተው የሚቀመጡበት ነው። እሳት የለውም፤ የሚያሞቀው የባልንጀራ ገላና ትንፋሽ ነው። በጀርመንኛ ቋንቋ ይህ ከረጢት እስከ ዛሬ በስሙ የዝዳርስኪ ከረጢት ይባላል።

ጕድለቱንም ብንሰውር እውነተኛ ታሪክ አይሆንም። ዝዳርስኪ ከአሳቡ የማይመለስ ሰው ነበር። በእጁ የሚይዘው አንድ ረጅም ዱላ ብቻ ሲሆን፥ ጌዎርግ ቢልጌሪ የሚባለው የኦስትርያ መኰንን ግን ሁለት ዱላ ይዞ ማስተማር ጀመረ፤ የራሱንም ማሰሪያ ሠራ። በዚህ ምክንያት በሁለቱ መካከል ብርቱ ጠብ ተነሣ። እኛ በዳኞች ፊት የወሰን ክርክር ሲጻፍ እንደምናየው፥ ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ይዋል እንጂ አንዱ የሌላውን እውነት መስማት አይወድም። ዘመን ግን ለሁለቱም ፈረደ፤ ዛሬ ተራራ የሚወጣ ሁሉ ሁለት ዱላ ይይዛል፤ እግርን ወደ ጎን የማያስለቅቅ ማሰሪያ ይጠቀማል።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዝዳርስኪ ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ ሲል የተራራ ወታደሮች አስተማሪ ሆኖ ዘመተ። በ1916 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ የአመዳይ ናዳ ወርዶ ቀበረው። ከሥሩ ሲያወጡት በሰውነቱ ላይ ሰማንያ ያህል ስብራትና ውልቃት ተገኘበት። ሌላ ሰው ቢሆን ለሞት በተሰጠ ነበር፤ እርሱ ግን ራሱን ቀስ በቀስ ዳግመኛ መንቀሳቀስ አስተማረ፤ ከብዙ ዓመታትም በኋላ ወደ ስኪው ተመለሰ። የደረሰበትንም መከራ ለቍጭት አላዋለውም፤ ሌላው እንዲጠነቀቅ ስለ ናዳ ጠባይ መጽሐፍ ጻፈ እንጂ። በ1940 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ ዐረፈ። በሊሊየንፌልድም መታሰቢያ ቤተ መዘክር አለው።

ከእርሱ በኋላ ብዙዎች ማሰሪያውን አሻሽለውታል። በ1980ዎቹ ዓመታት የዚያው አገር ሰው ፍሪትዝ ባርተል የጫማውን አፍንጫ በሁለት ትንንሽ የብረት ችንካሮች የሚይዝ ቀላል ማሰሪያ አወጣ፤ ዛሬ በየተራራው የሚወጡት ሰዎች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት ይጠቀማሉ። ቢሆንም ተረከዝን አንሥቶ ጎንን የማጽናት አሳብ የሊሊየንፌልዱ ገበሬ የደከመበት ነው። ስኪ ከአገራችንም ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በስኪ ተወዳድሯል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ አካሉ የጐደለ ልጅ ቢኖር ከሥራና ከትምህርት አትከልክሉት፤ እንጨት ሲጠርብ ወይም ብረት ሲቀጠቅጥ ብታዩትም ጨዋታ ነው ብላችሁ አትቈጡት። ልጆችም አንድ ነገር ሲሳካላችሁ ባልንጀራችሁ የሚላችሁን አድምጡ፤ ዝዳርስኪ ሁለተኛውን ዱላ ቢቀበል ኖሮ ከሥራው አንዳች ባልጐደለበት፥ ከጠቡም በዳነ ነበርና።